የግራዝማች ሐምሌ ዐሥራ ስድስት

በግራዝማች ወልደማርያም ዕድሜ ደኅና ነገር ሁሉ የሆነው ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ቀን ነው። ጃንሆይ የተወለዱበት ቀን ነውና። ግራዝማች ሚስት ያገቡት ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ነው፤ የቤታቸውን ቆርቆሮ ያስመቱት ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ነው፤ በጠላት ጊዜ ከእስር ያመለጡትም ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ነው፤ ምንም እንኳ ታስረው እንደነበር ከራሳቸው በቀር የሚያስታውስ ሰው በድሬዳዋ ባይገኝ። የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸውና በየዓመቱ በዓሉን ሲያከብሩ እድርተኛውን ሰብስበው፣ ቆመው፣ ይህን ሁሉ ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩም በየዓመቱ ይረዝማል። ባለፈው ዓመት፣ የመጀመሪያው ባቡር ድሬዳዋ የገባው በዚሁ በተባረከ ቀን ነው ብለው ጨመሩበት። ባቡሩ ሲገባ በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሽማግሌዎች እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ወራቱ ሐምሌ ሳይሆን የታኅሣሥ ብርድ እንደነበረ፣ ጋቢ ደርበው እንደሄዱ ሳይቀር ያስታውሳሉ። ሁለቱም አጨበጨቡ።

ከእድርተኞቹ አንዷ የሆነችውን ቦጋለችን የሚያንገሸግሻት ይህ ጭብጨባ ነው። ውሸቱስ የአንድ ሰው ነው፤ አንድ ሰው ዋሸ ተብሎ ይታለፋል። ጭብጨባው ግን የሰፈሩ ሁሉ ነው።

ባሏ ሀብተ ማርያም ይስቅበት ነበር። በባቡር መጠገኛው፣ ሰዉ አትሊዬ በሚለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሳቁም እንደ ወናፍ ነው። «ግራዝማች የፊት ጥርሳቸው የወለቀውም ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ነው፤ ለዚህ ነው መውለቁ ያማረባቸው» ይላታል። ለእሱ ዐሥራ ስድስት ሌላ ነው። በየወሩ ዐሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ቀን ነው፤ ከአትሊዬ ጓደኞቹ ጋር ማኅበሯን ይጠጣል፣ ጽዋዋ ከቤቱ ጠፍታ አታውቅም። ንጉሡ በዓመት አንድ ጊዜ ይከበራሉ፣ እሷ ግን በየወሩ ነች እያለ በሹክሹክታ ይቀልዳል። የከሰሉ ጢስ ደረቱን ዘግቶት አልጋ ላይ ሲውል ጸሎቱ አንድ ብቻ ሆነ፦ በቀንሽ ውሰጂኝ። ቦጋለች መጀመሪያ ትቆጣው ነበር። ኋላ፣ አየር አጥሮት እንደ ዓሣ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እያየች ብዙ ሌሊት ስታነጋ፣ እሷም አብራው መለመን ጀመረች።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ሐሙስ ዋለ። ማለዳ ላይ ሀብተ ማርያም ዓይኑን ገልጦ ዛሬ ስንት ነው አላት። ነገረችው።

«ደረሰችልኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣውም። ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሃር በኩል የበዓሉ ሙዚቀኛ መለከቱን እየሞከረ ሳለ፣ ፀሐይ ገና ግድግዳውን ሳታሞቀው፣ ነፍሱ ወጣች። ቦጋለች አገጩን በሻሽ አሰረችለት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለመነውን አገኘ፤ ይህ ብቻ ነበር በልቧ። ለአርባው፣ ለሙት ዓመቱ፣ ሰው ስለ እሱ ባነሳ ቁጥር፣ «በኪዳነ ምሕረት ያረፈው ሀብተ ማርያም» ይባልለታል። ለብረት ቀጥቃጭ ከዚህ የበለጠ ሹመት የለም።

ከዚያ ጎረቤቷን ሑዳን ጠራቻት። ሑዳ የሐረር ሴት ናት፤ የሰፈሩ አዋላጅ፣ ክርስቲያን ሳትል እስላም ሳትል የሁሉንም ልጅ የተቀበለች። ሑዳም ሮጣ ዑመርን ጠራችው። ዑመር ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው ነው፤ ለእድሩ ጥሩምባ የሚነፋው እሱ ነው፤ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በአንድ ጥሩምባ ይነፋል። በሰፈሩ ደንብ ጥሩምባው ካልተነፋ ሞት ሞት አይባልም፤ ሰው አይወጣም፣ ድንኳን አይተከልም፣ መቃብር አይቆፈርም።

ዑመር እጁን አጣምሮ መጣ። ጥሩምባው የት አለ ስትለው መሬት መሬቱን አየ።

«አቦ ቦጋለች፣ ግራዝማች ቆለፉበት» አላት። ቀጥሎም የባሰውን ነገራት። ድንኳኑም የለም። የእድሩ ድንኳን፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር፣ የእድሩ ድስት ሁሉ በግራዝማች ደጃፍ ለልደቱ ግብዣ ተሰናድቷል። በዚያ ላይ የግራዝማች ልጅ ትናንት ማታ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ደስታው ድርብ ሆኗል።

ብዙ ሳይቆይ ግራዝማች ራሳቸው መጡ። ካኪ ኮት ለብሰው፣ ኒሻን አንጠልጥለው፣ ሽቷቸው ከበሩ ቀድሟቸው ገባ። እርሳቸው ግን አልገቡም። የበሩ ደፍ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ መንገዱ እያዩ ተናገሩ።

«እግዜር ያጽናሽ። ግን ስሚኝ፣ ሀብተ ማርያም ዛሬ አልሞተም። ነገ ነው የሚሞተው።»

«ሞቷል እኮ ግራዝማች። ገብተው ይዩት።»

«ማየት አያስፈልገኝም። በንጉሠ ነገሥት ልደት ቀን ሙሾ የሚያወርድ ሰፈር ክፉ ተመኘ ይባላል። ትእዛዙ ከላይ ነው።»

ጣታቸውን ወደ ቆርቆሮው አነሡ። ከዚያ ደንቡን አስረዷት። ዛሬ ጥሩምባ የለም፣ ቄስ የለም፣ እሪታ የለም። ነገ ሲነጋ ይነፋል፣ ጥሩምባውም ሐምሌ ዐሥራ ሰባት ዐረፈ ብሎ ይለፍፋል፤ በእድሩም እንዲሁ ይመዘገባል። ዛሬ ድምጿ ከተሰማ ስሟ ከእድሩ ይሰረዛል። ያኔ አስከሬኑን ማን እንደሚሸከምላት እሷ ታውቃለች።

ቦጋለች እልኸኛ ሴት ነበረች፤ ያን ዕለት ግን ለባሏ ስትል ራሷን ዝቅ አደረገች። ቀብሩ ለነገ ይደር፣ ጩኸቱም ይቅር፣ ቀኑን ብቻ አይውሰዱበት ብላ ለመነች። ሲለምነው የኖረው ቀን እንደሆነ፣ በኪዳነ ምሕረት እንደሞተ እንዲነገርለት ብቻ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

ግራዝማች ፈገግ አሉ። «ቀን ያው ቀን ነው። ዐሥራ ሰባትም እስጢፋኖስ ነው፤ እሱ ምን ጎደለው?»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቦጋለች በልቧ «አንተ» ትላቸው ጀመር።

እድርተኛውም አንድ ባንድ መጣ፤ ሊያጽናና ሳይሆን ሊያስታግስ። ሴቶቹ ደረቅ ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ዝም በይ፣ ላንቺው ብለን ነው አሏት፤ ቀሚሳቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ወንዶቹ በጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ ሆዳችንን ብለን እንዳይመስልሽ፣ ለሰፈሩ ጸጥታ ነው አሏት። ነገ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፤ የታረደው በሬ ዛሬ ካልተበላ እንደሚበላሽ ግን ከአንዱም አፍ አልወጣም። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ እንብላ እንብላ ነው። ሀብተ ማርያም የዚህን ሁሉ ሰው አባትና እናት ተሸክሞ የቀበረ ሰው ነበር፤ ትከሻው ላይ የቃሬዛ ጠባሳ አለ። ዛሬ እሱን ለመሸከም ምሳ እስኪበላ ይጠበቃል።

ከሁሉም ያልሸሹት የአትሊዬ ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። አራት ሆነው መጡ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ገነዙት፣ በሩ ላይ ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። የድሬዳዋን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያው እንደ ጉልበት መንቋቋት ይጀምራል። ቤቱ ምድጃ ሆነ። ሑዳ የሰንደል እንጨት ስንጥር ለኮሰች፤ ሽታው ተሸነፈ። በሬው የታረደው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ፈርሱን ቦዩ ዳር ደፍተውታል፣ ቆዳው በግራዝማች አጥር ላይ ተሰቅሏል። ዝንቡ ከዚያ ይነሣና በመስኮቱ ይገባል፤ በመግነዙ ላይ ያርፍና ተመልሶ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል። ለዝንብ አዋጅ አልተነገረም። ቦጋለች በአንድ እጇ ባሏን እያራገበች በመስኮቱ አሻግራ ታያለች። እድርተኛው በየአግዳሚው ተደርድሮ ይጎርሳል፤ እሷ እዚህ እሽ ብላ ያባረረችውን ዝንብ እነሱ እዚያ ከብርንዶው ላይ እሽ ይላሉ።

ከቀትር በኋላ ሑዳ ወደ ግብዣው ተጠርታ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር፤ የሆነውን እያፈረች ነገረቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ትልቅ እንግዳ ድንኳኑ ውስጥ አለ። በንጉሡ ቀን የተወለደ ወንድ ልጅ ካለ እኔ ክርስትና አነሣዋለሁ ብሎ ነበርና ግራዝማች የልጅ ልጃቸውን አቀረቡ። አንድ ሞኝ ልጁ የተወለደው ትናንት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ግራዝማች አዋላጇን አስጠሩ። ሑዳም ያየችውን ተናገረች፦ ልጁ የተወለደው ትናንት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። በእናንተ ቀኑ መቼ ይጀምራል አሏት ግራዝማች። ፀሐይ ከገባች ሌሊቱ የማግሥቱ ነው አለች፤ በእነሱ እንዲያ ነው፣ ምን ትበል። ግራዝማች እጃቸውን አጨበጨቡ። ከፍ ብሎ የተቀመጠው መሪጌታም ጉርሻውን ውጦ፣ በቤተ ክርስቲያንም ዋዜማው ከመሸ የማግሥቱ ነው ሲል አጸደቀ። ስለዚህ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ትናንት ማታ ፀሐይ ስትገባ ጀመረ ተብሎ በሰው ሁሉ ፊት ተወሰነ። እልል ተባለ። ልጁ በግራዝማች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

«ወላሂ ቦጌ፣ የጠየቁኝን ነው የመለስኩት» አለች ሑዳ።

ቦጋለች ማራገቧን አቁማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተለመነችውን ያህል ዝም አለች። ጎረቤቶች በበሩ ብቅ እያሉ ጎሽ፣ እንዲህ ነው ጨዋነት እያሉ ተመለሱ። እሷ የምታየው የግድግዳውን ጥላ ነበር። ጥላው ረዘመ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ የድንኳኑን እግር ነካ። በመጨረሻ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር በኩል፣ የመግሪብ አዛን ተሰማ።

ተነሣች። ነጠላዋን አውልቃ ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ለበሰች። የአትሊዬ ሰዎች አስከሬኑን እንሸከም ወይ አሏት። ባሌን ወደ ልኳንዳ አልወስደውም፣ እናንተ ከእሱ ጋር ሁኑ አለቻቸውና፣ ሑዳንና ዑመርን አስከትላ መንገዱን ተሻገረች።

ድንኳኑ ውስጥ ግራዝማች ቆመው ዝርዝሩን እያሰሙ ነበር። ሚስታቸው፣ ቆርቆሯቸው፣ እስራታቸው፣ ባቡሩ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸው። ሰዉ ጠግቦ ተለጥጧል፤ ጢሙ በስብ ያብለጨልጫል። የተገለበጠ ነጠላ ሲያይ ጫጫታው ወዲያው ረገበ። ግራዝማች ከመድረካቸው ሳይወርዱ፣ ምን አልኩሽ፣ ነገ አላልኩሽም ወይ ብለው ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ነገ መጣ» አለች ቦጋለች።

ግራዝማች ሳቁ፤ ሰዉም ለእርሳቸው ሲል ሳቀ። እሷ ግን ድምፅዋን አላነሳችም። እንዲያውም እንደ ሽማግሌ ተረጋግታ፣ ለእንግዳውም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ግራዝማች፣ የልጅ ልጅዎ የተወለደበት ሐምሌ ዐሥራ ስድስት የጀመረው ትናንት ፀሐይ ስትገባ ነው ብለዋል። ዛሬም ፀሐይ ገባች። አዛኑን ሰምተዋል። ያ ቀን አልቋል፤ አሁን ዐሥራ ሰባት ነው፤ የባሌም ለቅሶ የተፈቀደ ነው። አይ፣ ቀኑ ገና አላለቀም ካሉም መልካም። እንግዲያው ልጁ የተወለደው በዐሥራ አምስት ነው። ይምረጡ።»

አንድም ሰው አልጎረሰም። የማዘጋጃ ቤቱ እንግዳ በጠጅ የከበደ አንገቱን ቀና አደረገ። ማን ነው የሞተው ብሎ ጠየቀ። የእድሩ አባል መሆኑን፣ ከማለዳ ጀምሮ በዚህ ሙቀት እቤት ተኝቶ መዋሉን፣ ለልደቱ ክብር ልቅሶ ከላይ መከልከሉን ዑመር ነገረው። እንግዳው ግራ ተጋብቶ አፉን በመሐረብ ጠረገ።

«ልቅሶ? ማን ከለከለ?»

ከላይ ያዘዘ ማንም አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ቀኑን ሙሉ የፈራው ያልተነገረ አዋጅ ነው። ግራዝማች ለጌታ ሊያጎነብሱ ጌታው ሳይጠይቃቸው ጎንበስ አሉ፣ ሰፈሩም ከእርሳቸው ኋላ ተሰልፎ ጎንበስ አለ፤ ማንም ቀና ብሎ ከፊቱ ሰው መኖሩን አላየም። ቦጋለች ፊታቸውን አንድ ባንድ አየች። ያፈረ አልነበረም። ገሚሱ እንዲያውም ገና ያልተነካውን ትሪ ይመለከት ነበር።

ግራዝማች ለመምረጥ ትንፋሽ የመሳብ ያህል እንኳ አልፈጀባቸውም። የክርስትና አባት ከሟች ይበልጣል። ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ፣ ጥሩምባውን ሄደው ራሳቸው አመጡ፣ ለዑመር ሰጡት፤ ወዲያውም ሁለት እጃቸውን አንሥተው ደረታቸውን መቱና ወንድሜን፣ ሀብተ ማርያምን ብለው ጮኹ። ጩኸቱ ከሁሉ በልጦ ተሰማ።

ዑመር ወደ መንገዱ ወጥቶ ነፋ። ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለ ትንፋሽ ነበርና ከቀፊራ ገበያ እስከ ለገሃር ሳይሰማ አይቀርም። ከዚያ ለፈፈ፦ የእድራችን አባል አቶ ሀብተ ማርያም፣ በሐምሌ ዐሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ዐረፉ። ቦጋለች ይህን ስትሰማ ነው እንባዋ የወረደው።

«አሁን ድንኳኔን» አለች።

እድርተኛው የለመደውን ሥራ ያውቃል። ካስማው ተነቀለ፣ ምሰሶው ዘነበለ፤ ሸራው ብርጭቆ በያዙ ሰዎች ራስ ላይ ተጎትቶ አለፈ። ከላይ ሰማዩ ሲታይ ከመሶቡ ጋር ተፋጠው ቀሩ። ከዚያ እየሮጡ ድንኳኑን ተከተሉት። በዚያው አግዳሚ፣ በዚያው ጢም፣ ያንኑ ስብ ሳይጠርጉ እዬዬ አሉ። ሊነጋ ዓርብ ነውና የተረፈውም ሥጋ በትሪ ተሸፍኖ ከኋላ መጣ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በለቅሶው ጥግ ተበላ። ድንኳኑ በቦጋለች ደጅ ሲተከል ሸራው ጮማ ጮማ ይሸት ነበር። አይገባም፣ ከሸራው ውጪ ተቀመጡ አለቻቸው ለአትሊዬ ሰዎች፤ እሷም ከእነሱ ጋር ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀመጠች።

በማግሥቱ ሬሳው መቃብር ዳር ሲያርፍና ፍትሐቱ ሲያልቅ ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። የእድር ሰብሳቢ ናቸውና የሟችን ገድል መናገር ወጉ ነው። ጀመሩ። ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ምን ያለ ቀን ነው አሉ። ንጉሠ ነገሥታችን የተወለዱበት፣ የመጀመሪያው ባቡር የገባበት፣ እኔ ሚስት ያገባሁበት፣ የልጅ ልጄ የተወለደበት ቀን ነው፤ እነሆም ወንድማችን ሀብተ ማርያም ይህንኑ የንጉሥ ቀን መርጦ...

ቦጋለች ከጉድጓዱ ማዶ ቆማ ግራዝማችን አየችው። ባሏ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ከቆርቆሮው ቀጥሎ፣ ከልጅ ልጁ ኋላ። ታግላ ያስመለሰችለትን ቀን ይህ ሰው አንሥቶ ኪሱ ሊከተው ነው። በሚመጣው ዓመት ጠግቦ ቆሞ ስሙን ይጠራዋል፤ እነዚህም ያጨበጭቡለታል።

«ባሌን ከአፍህ አውጣው» አለች።

አንተ ማለቷ ከንግግሯ ይልቅ ሰዉን አስደነገጠ። መሪጌታው ወዳጄ ሐዘን ነው፣ ሐዘን ያናግራል ብሎ ሊያለዝብ ሞከረ። ግራዝማችም በይቅርታ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እንግዲህ እንዳልኩት፣ ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ዑመር ጥሩምባውን ነፋ።

ግራዝማች ጠበቁት። ሲያቆም አፋቸውን ከፈቱ፤ ዑመር እንደገና ነፋ። ጉንጩ ተነፍቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ዓይኑን ከግራዝማች አፍ ላይ ሳይነቅል ነፋ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይነፋል፣ ሲዘጋ ያርፋል። እድርተኛው ማንን እንደሚያይ ጠፋበት፤ ለየትኛው እንደሚጎነብስ የነገረው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ግራዝማች ባርኔጣቸውን አጠለቁና በመቃብሮቹ መካከል ወደ መውጫው ሄዱ።

ቦጋለች ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን አፈር ጣለች። ከዚያ የአትሊዬ ሰዎች አካፋውን አነሡ።